የወንዙ ዶቃና የሥልጣን አደራ
እምነትና አስተዳደር በጋምቤላ ታሪክ

ገዥ የመግዛት መብቱን ከወዴት ያገኛል? ይህን ጥያቄ ሳያነሣና በራሱ መንገድ ሳይመልስ የኖረ ኅብረተሰብ የለም ለማለት ይቻላል። በሰሜኑና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል መልሱ ለብዙ ዘመን በክብረ ነገሥትና በፍትሐ ነገሥት ተጽፎ፣ በቅብዐ መንግሥት ሥርዓት ጸንቶ፣ በቃልም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ንጉሥ ሥዩመ እግዚአብሔር ነው፤ ስለዚህም «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ተባለ። ከዚሁ ከአገራችን ምድር ሳንወጣ ወደ ምዕራብ ተጉዘን፣ የጎሬን ደጋ ወርደን፣ ባሮ ከተራሮች ተላቆ በሜዳ ላይ ወደሚዘረጋበት ወደ ጋምቤላ ብንደርስ ግን ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠ ሌላ መልስ እናገኛለን። በአኙዋ ሕዝብ ትውፊት የሥልጣን ምንጭ ወንዝ ነው፤ ምልክቱም ዶቃ ነው። ዶቃውን የያዘው ሰው እጅግ ይከበራል፤ «አይከሰስም» ግን አልተባለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአኙዋን ባህል በሙሉ መተረክ አይደለም። እምነት አስተዳደርን እንዴት እንደ ቀረጸው፣ እምነቱን ያልተረዳ ባዕድ መንግሥት በመጣ ጊዜም አስተዳደሩ ምን እንደ ደረሰበት መመርመር ነው። ነገሩ የአንድ ወንዝ ዳር ብቻ እንዳይመስለን፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆን አንድ የታወቀ ምሳሌ በመጀመሪያ ከባሕር ማዶ እናምጣ።

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ

በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ፒዩሪታን የተባሉ ፕሮቴስታንቶች ተነሥተው ነበር። ስማቸው ከንጽሕና የመጣ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከሮማ የወረሰችውን ሥርዓት ሁሉ ጠርጋ ትጥራ የሚሉ፣ የጄኔቫውን የካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1630 ከ700 እስከ 1,000 የሚገመቱት በጆን ዊንትሮፕ መሪነት አትላንቲክን ተሻግረው በማሳቹሴትስ ሰፈሩ። ይዘውት የመጡት ትልቁ ሐሳብ «ቃል ኪዳን» የሚለው ነው። ምእመናን ከእግዚአብሔር ጋር ቃል ኪዳን አላቸው፤ እርስ በርሳቸውም ቃል ኪዳን አላቸው፤ ገዥውም የሚገዛው በዚሁ ቃል ኪዳን ውስጥ ሆኖ ነው።

ይህ እምነት በአስተዳደራቸው ላይ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶችን አስከተለ። በአንድ በኩል ገዥው በየዓመቱ የሚመረጥ ሆነ፤ መሥራቹ ዊንትሮፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1634 በምርጫ ተሸንፎ ወንበሩን ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1641 ደግሞ የባለሥልጣንን እጅ የሚገድብ፣ የነዋሪውን መብት የሚዘረዝር ሕግ አወጡ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1631 በተደነገገው መሠረት የመምረጥ መብት የተሰጠው ለቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ወንዶች ብቻ ነበረ። ከአጥሩ ውጭ የቆመ ሁሉ ድምፅ አልነበረውም፤ አጥሩን የነቀነቀም ይባረር ነበር። ሮጀር ዊልያምስ መንግሥት በሰው ኅሊና ላይ ሥልጣን የለውም በማለቱ እንዲባረር ተፈረደበት፤ እ.ኤ.አ. በ1636ም ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩባትን ፕሮቪደንስን መሠረተ። አን ሃቺንሰን የተባለችው ሴት የሰባክያኑን ትምህርት በመንቀፏ ተከስሳ እ.ኤ.አ. በ1638 ከአገር ወጣች። ከ1659 እስከ 1661 ባሉት ዓመታት ደግሞ አራት ኩዌከሮች በቦስተን ተሰቀሉ። ይህ የሃይማኖት አጥር ከምርጫ ሕጉ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1691 የእንግሊዝ ዘውድ አዲስ ቻርተር በሰጠ ጊዜ ሲሆን፣ ያን ጊዜም በአባልነት ቦታ የተተካው ሀብት ነበረ።

እንግዲህ ከዚህ ምሳሌ ሁለት ቁም ነገሮችን ይዘን እንሂድ። አንደኛው፣ እምነት ገዥን ሊያስከብር እንደሚችል ሁሉ ገዥን ሊያስጠይቅም መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ ያው እምነት ማን ከውስጥ ማን ከውጭ እንደሚቆም የሚለይ አጥር መሥራቱ ነው። በባሮ ዳርቻ ሁለቱንም እናገኛቸዋለን።

ከወንዝ የወጣው ሰው

አኙዋ ከሽሉክና ከአቾሊ ጋር የሚዛመድ፣ ከሉዎ ቋንቋ ተናጋሪዎች ወገን የሆነ ሕዝብ ነው። መንደሮቹ በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር፣ በኢትዮጵያም ሆነ ዛሬ ደቡብ ሱዳን በተባለው አገር ተዘርግተው ይገኛሉ። ኑሮው ከወንዝ ጋር የተቆራኘ ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ጥቁሩን አፈር ይዘራል፣ ውኃው ሲሞላ ዓሣ ያጠምዳል። ስለዚህም የመንግሥቱ ታሪክ በዓሣ መጀመሩ አያስደንቅም።

ትውፊቱ በየመንደሩ መልኩን ቢለዋውጥም ዋናው አንድ ነው። ሁለት ልጆች በወንዝ ዳር በያዙት ዓሣ ይጣላሉ። አንዱም የእኔ ነው፣ ሌላውም የእኔ ነው ይላል። በዚህ ጊዜ አንድ የማይታወቅ ሰው ከውኃው ውስጥ ይወጣና ይፈርድላቸዋል። ልጆቹም ፍርዱን ተቀብለው፣ ታርቀው ወደ መንደራቸው ይመለሱና ያዩትን ይናገራሉ። የመንደሩ አለቃ ቹዋይ ነገሩን ሰምቶ እንግዳውን ያስይዘዋል። ኡኪሮ የተባለው ይህ ሰው በመንደሩ ሲኖር የአለቃውን ልጅ ያስረግዛል፤ ከዚያም ወደ መጣበት ውኃ ተመልሶ ይሰወራል። የተወለደው ልጅ ጊሎ ተባለ። የአኙዋ መኳንንት ሁሉ ከእርሱ እንወለዳለን ይላሉ። ከወንዙ ሰውም የቀረው ቅዱስ ዶቃ የሥልጣን ምልክት ሆነ።

በዚህ ትውፊት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የነገሮቹ ቅደም ተከተል ነው። ከወንዝ የወጣው ሰው በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ጦር መስበቅ ወይም ግብር መጠየቅ አይደለም፤ የተጣሉትን ማስታረቅ ነው። ዶቃው የመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው። ባለ ዶቃ ሆኖ ፍርድ የማያውቅ ሰው የምልክቱን ፍሬ ነገር ስቶታል ማለት ነው።

የሥልጣኑ ንዋያት በርካታ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ኦቹዎክ የተባለው የዶቃ ሐብል ሲሆን፣ ሌሎች ሐብሎች፣ በርጩማዎችና ጦሮችም አሉበት። የአኙዋ ሹመት ሁለት ዓይነት ነበረ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ኜያ የተባሉት መኳንንት፣ በሌላው አካባቢ ደግሞ ኳሮ የተባሉት የመንደር አለቆች ይገዙ ነበር። ኦቹዎክ የመኳንንቱ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ መኳንንት የግል ንብረት ሆኖ አያውቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመንደር ወደ መንደር ይዞር ነበር። አንዱ መኳንንት ጦር አሰልፎ ከሌላው ይነጥቀዋል፤ ወይም ያለ ጦርነት ለጥቂት ጊዜ በአንገቱ ላይ እንዲጠለቅለት ያደርጋል። የመኳንንት ልጅ ይህ ሥርዓት ካልተፈጸመለት የእርሱም የዘሩም ማዕረግ ይጠፋ ነበር። ስለዚህም የእያንዳንዱ መኳንንት ጭንቀት ዶቃውን ለዘላለም ማኖር ሳይሆን ለልጁም እንዲደርሰው ማድረግ ነበረ። ሥልጣን ርስት መሆኑ ቀርቶ አደራ ሆነ።

የመንደር አለቃውም ሥልጣን ከዚህ የተለየ ጠባይ አልነበረውም። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ጎድፍሬይ ሊንሃርት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአኙዋ ዘንድ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ባሳተማቸው ጽሑፎች ይህን አስተዳደር በዝርዝር ገልጾታል። ሰው ወደ ኳሮው ሲቀርብ ሰውነቱን ዝቅ አድርጎ ነው፤ በፊቱ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ታዲያ ይህ ሁሉ ክብር በነጻ የሚሰጥ አይደለም። ኳሮው ግብዣ ማድረግ አለበት፤ ሥጋና ጠላ ማቅረብ፣ ጥሎሽ ላጠረው ጎረምሳ መርዳት፣ የለመነውን አለማሳፈር አለበት። እጁ የታጠፈበት ዕለት፣ ወይም ወገን ለይቶ ማድላት የጀመረበት ዕለት መንደሩ መንሾካሾክ ይጀምራል። ሹክሹክታው ሲበስል አጌም ይነሣል። አጌም ማለት መንደሩ በአለቃው ላይ የሚያነሣው ዐመፅ ነው። አለቃው ይባረራል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ እናቱ ወገኖች መንደር ሄዶ ይጠጋል፤ ሌላ የአለቃ ልጅም ተጠርቶ በቦታው ይተካል። የተባረረውም ተስፋ አይቆርጥም፤ ተተኪው ሲሰለች ተመልሶ ሊጠራ ይችላልና።

ለቴያትር ሰው ይህ ሥርዓት የሚያስተምረው ብዙ ነው። ዛሬ መሬት እስኪነካ የሰገደው ሕዝብ ነገ ለአጌም መነሣቱ ግብዝነት ተደርጎ ሊታይ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ስግደቱ ለሰውዬው አልነበረም፤ ሰውዬው ለያዘው ስፍራ ነበረ። ሕዝቡ ስፍራውን ስለሚያከብር ነው ስፍራውን ያጎደፈውን ሰው የሚያነሣው። ማሳቹሴትስ በድምፅ ያደረገችውን የአኙዋ መንደር በአጌም አደረገው።

ነገሩን ከልክ በላይ አሳምረን እንዳናቀርበው ግን እንጠንቀቅ። አጌም ደም ያፋስስ ነበር። ዶቃው በዞረ ቁጥር የአንድ አባት ልጆች ይጋደሉ ነበር። ተራው ሰው አለቃን ማውረድ ቢችልም ራሱ አለቃ መሆን አይችልም፤ ለስፍራው የሚታጨው የአለቃ ልጅ ብቻ ነው። ሴቶች የመኳንንት ሚስትና እናት ሆነው በነገሩ ውስጥ ከባድ ስፍራ ቢኖራቸውም ዶቃው በአንገታቸው ላይ ለሹመት አይጠለቅም ነበር። እንግዲህ የእምነት አጥር በዚህም አለ፤ የተሠራው ግን በአባልነት ሳይሆን በትውልድ ሐረግ ነው።

ከአኙዋ ጋር የሚጎራበተው የኑዌር ሕዝብ ለዚሁ ጥያቄ የሰጠው መልስ ደግሞ ሌላ ነው። በኑዌር ባህል የነብር ቆዳ የሚለብሰው የምድር ካህን ቅዱስ ሰው ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው በቤቱ ይጠጋል፤ ደም መላሾችም ያን ቤት አይደፍሩም። ካህኑ በሁለቱ ወገኖች መካከል እየተመላለሰ የካሣውን ከብት ያስማማል። ሆኖም ይህ ካህን ማንንም ለማዘዝ አይችልም፤ ጭፍራም፣ ወኅኒ ቤትም የለውም። ቅድስና አለው፤ መንግሥት የለውም። ስለዚህ በአንድ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ ሁለት የፖለቲካ ፍልስፍናዎች ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ሁለቱም የሚስማሙበት ነጥብ ቢኖር ቅዱስ የሆነ ነገር የአንድ ሰው ጉልበት ማሳደጊያ መሆን የለበትም የሚለው ነው።

ጠመንጃና ስምምነት

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ሁለት ነገሮች ወደዚህ ቆላ ገቡ፤ አንደኛው ጠመንጃ፣ ሁለተኛው የድንበር መስመር። ከደጋው ጋር በሚደረገው ንግድ የዝሆን ጥርስ ወደ ላይ ሲወጣ ጠመንጃ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ወሰን ሲደነግግ፣ በዚያው ውል አንቀጽ 4 በባሮ ዳር በኢታንግ አጠገብ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ጣቢያው በመጨረሻ የተቋቋመው በጋምቤላ ነው። ከዚያ ወዲያ ክረምት ገብቶ ባሮ በሞላ ቁጥር የካርቱም መርከቦች እየወጡ ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፤ የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ይጭናሉ። በኢትዮጵያ ምድር ላይ የባዕድ ሹም የሚያስተዳድራት ይህች ቁራሽ መሬት እስከ 1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ድረስ፣ የጣልያን ወረራ ካቋረጠው ዘመን በቀር፣ በዚሁ ሁኔታ ቆየች።

ጠመንጃው የዶቃውን ዙር አወከው። በጦር ብቻ በሚዋጉበት ዘመን ዶቃውን የያዘ መኳንንት ብዙ ተቀናቃኞች ስለሚነሡበት ለረጅም ጊዜ ሊያቆየው አይችልም ነበር። ጠመንጃ ያከማቸ መኳንንት ግን ተቀናቃኞቹን ሁሉ ሊያሸንፍ ቻለ። በዚህ ረገድ ስሙ የገነነው አኳይ ዋ ቻም ነው። አኳይ ንዋያቱን በእጁ አድርጎ፣ ጭፍሮቹን አስታጥቆ፣ ጎረቤቶቹን ኑዌሮች ወጋ። የሱዳን መንግሥት በመጋቢት ወር 1904 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1912) በአዶንጋ ያዘመተበት ጦርም መኰንኖቹንና ብዙ ወታደሮቹን አጥቶ ተመለሰ። ለቅኝ ገዥዎቹ ይህ ከባድ ውርደት ነበር።

ጦር ያልፈታውን በዘዴ ለመፍታት የተሞከረው ከአኳይ ሞት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ካፒቴን ቤከን የተባለው የእንግሊዝ ሹም የሥልጣኑ ንዋያት ከእንግዲህ በጦርነት ሳይሆን በመንግሥት ተቆጣጣሪነት በመኳንንቱ መካከል በተራ እንዲዞሩ አደረገ። ሐሳቡ መልካም ይመስላል፤ መጋደሉንም ቀንሷል። እንዲያውም ቤከን ከብዙዎቹ ባልደረቦቹ ይልቅ ባህሉን ለመረዳት የጣረ ሰው ነበር ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ዶቃው የተወሰነ ክብደት የነበረው ሕዝቡና መኳንንቱ ራሳቸው ይሰጡትና ይነሡት ስለነበር ነው። አሁን ዶቃው መዞሩን አላቆመም፤ የሚያዞረው እጅ ግን ተለወጠ። ቀድሞ መኳንንቱ ዓይኑን የሚጥለው በመንደሩና በወንድሞቹ ላይ ነበር፤ ከእንግዲህ የሚመለከተው ወደ ሹሙ ቢሮ ሆነ።

የቅኝ አገዛዝ ስሕተት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ባህልን በማጥፋቱ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግን ሌላ ነው፤ ባህልን በመጠበቅ ስምም ፍሬውን ማውጣት ይቻላል። ምልክቱ ሳይነካ፣ ሥርዓቱ ሳይጓደል፣ የተጠያቂነቱ ሥር ብቻ ሊቆረጥ ይችላል። ዕውቀትም ከዚህ ሥራ ውጭ አልነበረም። የአኙዋን የፖለቲካ ሥርዓት በመጽሐፍ ያቀረበው ኤቫንስ ፕሪቻርድ አገሩን የጎበኘው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1940 ሲወጣ እርሱ ራሱ በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ የአኙዋ ተዋጊዎችን አስከትሎ ከጣልያኖች ጋር ይዋጋ ነበር። ዛሬ የምናነበው ጽሑፍ ከፍ ያለ ዋጋ ቢኖረውም በማን ዘመን፣ በማን ጥላ ሥር እንደ ተጻፈ መርሳት አይገባም።

የፒዩሪታኖቹ የልጅ ልጆች በባሮ ዳር

በመጀመሪያ ያነሣነው የባሕር ማዶ ምሳሌ ከጋምቤላ ጋር የሚገናኘው በንጽጽር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1643፣ ፒዩሪታኖች በበዙበት ፓርላማ የተጠራው የዌስትሚንስተር ጉባኤ አንድ የእምነት መግለጫ አዘጋጀ። ይህ መግለጫ ከዚያ በኋላ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የእምነት መሠረት ሆኖ በስኮትላንድም በአሜሪካም ጸና። አሜሪካውያን ፕሬስቢቴሪያኖች እ.ኤ.አ. በ1902 በሶባት ወንዝ ላይ ዶሌብ ሂል በተባለው ስፍራ ሚሲዮን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ወደ አኮቦ ዘለቁ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ድንበሩን ተሻግረው ከጋምቤላ በታች በባሮ ዳር በፖክዎ ሰፈሩ። የዚህ ሥራ ዋና መሪ የነበረው ዶን ማክሉር በሱዳንና በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1977) በጎዴ ተገደለ።

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣው ድንጋጌ አገሩን «የቤተ ክርስቲያን ክልል» እና «ክፍት ክልል» ብሎ ከፍሎት ነበር፤ ሚሲዮኖች በክፍቱ ክልል ሃይማኖታቸውን እንዲያስተምሩ ሲፈቀድ፣ የትምህርቱ ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ታዘዘ። ይህ ድንጋጌ ራሱ የእምነትና የአስተዳደር ጉዳይ ነው። የትኛው ሕዝብ እምነት አለው፣ የትኛውስ ሜዳ ክፍት ነው የሚለውን መንግሥት በካርታ ላይ ወሰነ። ጁዎክ ብሎ ፈጣሪውን የሚጠራ፣ የመንግሥቱን ምንጭ በወንዝ የሚያይ ሕዝብ በዚህ ካርታ ላይ እንደ ባዶ ሜዳ ተቈጠረ። ቀደም ባለው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1651፣ የማሳቹሴትስ ሰባኪ ጆን ኤሊየት የአገሩን ተወላጆች በናቲክ ሰብስቦ የክርስቲያን መንደር ሲያቋቁምም ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ እነርሱ የራሳቸው እምነትና መንግሥት እንዳላቸው ከሒሳብ አልገባም።

ነገር ግን ታሪክ በአንድ መስመር ብቻ አይጓዝም። የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በጳጳስ ሳይሆን ምእመናን በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች የምትመራ ናት። ይህ ሥርዓት በባሮ ዳር ፍጹም እንግዳ ነበር ማለት አይቻልም። መሪውን በሕዝብ ፈቃድ ማስቀመጥና ሲጎድል መነቅነቅ አኙዋ ከአያቶቹ የተማረው ነው። አዲስ የነበረው ሌላው ነው፤ የኳሮ ልጅ ያልሆነም ሰው ሽማግሌ ሊሆን መቻሉ፣ ለነገር ሁሉ ምስክር የሚሆነውም ቃል በመጽሐፍ ተጽፎ ማንበብ ለቻለ ሁሉ መከፈቱ ነው። አንዱ አጥር ሲፈርስ ሌላ አጥር ተተክሏል፤ አዲሱ አጥር ያመነውን ካላመነው ይለያልና። በሚሲዮኑ ሥራ የተመሠረተችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች፤ አስተዳደሯም በኢትዮጵያውያን እጅ ጸና።

ዶቃው ከቆመ በኋላ

በኢትዮጵያ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ አስተዳደር የአኙዋን አለቆች አልሻራቸውም። ግብር ሰብሳቢና ትእዛዝ አድራሽ አድርጎ ተጠቀመባቸው። በዚህም ኳሮው ሰጪ መሆኑ ቀርቶ ተቀባይ ወደ መሆን አዘነበለ፤ የሚያስፈራውም የመንደሩ አጌም መሆኑ ቀርቶ የበላይ ሹም ቍጣ ሆነ። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ደግሞ የመኳንንቱም የአለቆቹም ሹመት በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ተሻረ፤ በቦታቸው የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ ሊቀ መናብርት ተተኩ። የዘር መብት መሻሩ በራሱ የሚያስቆጭ ነገር አይደለም። የሚያስቆጨው ከዘር መብቱ ጋር አለቃን የመጠየቁ ልማድ አብሮ መጣሉ ነው፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር አጌም አይነሣበትም ነበርና።

ከድንበሩ ባሻገር፣ በአዶንጋ በኩል፣ የኜያው ወንበር ሳይታጠፍ ዘልቋል። የአኳይ ዘር የሆነው አዶንጎ አጋዳ በስደት በካናዳ ይኖር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠርቶ ሄዶ ዶቃውን ተቀበለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 እስኪሞትም ድረስ በኜያነቱ ቆየ። ከሰሜን አሜሪካ ከተማ ወጥቶ ከወንዝ በተገኘ ዶቃ መሾም ለዘመናዊ ሰው እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል። ይሁንና ሕዝብ በጦርነትና በስደት ተበትኖ ሳለ የአንድነቱን ምልክት ፍለጋ ያን ያህል ርቀት መላኩ ዶቃው ገና ድምፅ እንዳለው ያሳያል።

በአሁኑ ጊዜ ጋምቤላ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ፣ ከደጋም መጥተው የሰፈሩ የብዙ ወገኖች አገር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 34 ደግሞ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህላዊ ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። ይህ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። በአንድ ሕዝብ ትውፊት የተቀደሰ ዶቃ ለሌላው ሕዝብ ገዥ ሊሾም አይችልም፤ ማሳቹሴትስም ይህን የተማረችው ሰዎችን ካባረረችና ከሰቀለች በኋላ ነው። ሮጀር ዊልያምስ ከፒዩሪታኖቹ አጥር ሲወጣ የተናገረው እውነት ብዙ እምነትና ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር ሁሉ የሚሠራ ነው።

ሆኖም እምነትን ከመንግሥት መለየት፣ እምነቱ ስለ መንግሥት ያስተማረውን መርሳት ማለት አይደለም። የፒዩሪታኖቹ የአባልነት ሕግ ፈርሷል፤ ገዥ በየጊዜው በሕዝብ ፊት ይቁም የሚለው ልማዳቸው ግን ከእነርሱ አልፎ ኖሯል። ከአኙዋም ዘንድ ሊቀር የሚገባው የመኳንንቱ የዘር ሐረግ አይደለም። ሊቀር የሚገባው፣ ሥልጣን የሚዞር አደራ ነው፤ የሚከበረውም ስፍራው እንጂ ሰውዬው አይደለም፤ አለቃ የሚለካው በሰበሰበው ሳይሆን በሰጠው ነው የሚለው ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት ከባዕዳን መጻሕፍት ብቻ እየለቀምን መኖር አይበቃንም። ትውፊቱን በራሱ ቋንቋ ከሚያውቁት አረጋውያን አፍ መዝግቦ ማቆየት፣ በትምህርት ቤትም በመድረክም ማቅረብ የታሪክ ተመራማሪውም የኪነ ጥበብ ሰውም ግዴታ ነው። ያን ጊዜ የጋምቤላ ልጅም፣ የጎንደር ልጅም፣ የሐረር ልጅም ስለ መንግሥት ሲማር ከክብረ ነገሥት ቀጥሎ የሁለቱን ልጆችና የዓሣውን ነገር ይሰማል፤ ከወንዝ የወጣው ሰው ለሰዎች በመጀመሪያ የሰጣቸው ፍርድ እንደ ነበረ፣ ዶቃው ኋላ እንደ መጣም ያውቃል።